ፀዳለ ለማንም ያልነገረችው ማክሰኞ

ታሪኩን የሰማሁት ከሰው ነው፤ ዕድሜም ስላለ አንዳንዱን ነገር ላሳስት እችላለሁ... ዋናውን ግን አልረሳሁትም።

«አንተ ቢራህን ጨርሰህ ነው እኛ ላይ የምትፈርደው» አሉ ጋሼ ኪሩ።

ሰው ሳቀ።

እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ፣ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሁልጊዜ የሚበሉበት ሬስቶራንት ውስጥ።

ጋሼ ኪሩ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ጨዋታ አዋቂ የኢንግልዉድ ሰው ናቸው። ማሪዋና መፈቀዱን ይደግፋሉ። ድሮ የድሃ ልጅ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ቅጠል ተገኘ ተብሎ ወጣትነቱን እስር ቤት ሲጨርስ አይቻለሁ ይላሉ። አሁን ሱቁ ታክስ ይከፍላል፣ የታመመም መድኃኒቱን ያገኛል...

ቢራ ጠጪው ጋሼ አምደሚካኤል ናቸው። ተማሪ ሆነው መጥተው፣ ከሂሳብ ሥራ ጡረታ የወጡ ቁጥብ ሰው። ወደ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር በሚወስደው መንገድ አዲስ የማሪዋና ሱቅ ሊከፈት ነው መባሉን ከሰሙ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሏቸዋል። ልጆቻችን በዚያ ያልፋሉ፣ አጭሶ ድራይቭ የሚያደርገውንስ ማን ይጠይቀዋል... ባይ ናቸው።

«እሺ፣ አንድ ሰው ጥራልኝ» አሉ ጋሼ ኪሩ። «ከተፈቀደ ወዲህ በዚህ ነገር የተጎዳ፣ የምናውቀው አንድ ሰው።»

ጋሼ አምደሚካኤል አፋቸውን ከፈቱ... መልሰው ዘጉት።

ውሃቸውን ጠጡ።

አጠገባቸው ፀዳለ ተቀምጣለች።

ሃውቶርን ሰፈር ውስጥ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታነሳ ስታወርድ ወገቧ አልቋል። ማታ ማታ ፈቃድ ካለው ሱቅ የምትገዛውን የማሪዋና ከረሜላ ግማሹን ትበላና ትተኛለች። ሱቁን የጠቆሟት ጋሼ ኪሩ ናቸው።

የንስሐ አባቷንም ጠይቃለች። ለሕመምሽ ከሆነና ካልሰከርሽበት እንደ መድኃኒት ውሰጂው ብለዋታል።

ሶ፣ በእሷ በኩል ነገሩ ያለቀ ነው። ካሊፎርኒያ ፈቅዷል። አባም ፈቅደዋል።

ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር...

ማክሰኞ የሲትዝንሺፕ ኢንተርቪው አላት።

መቼም የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የወረቀት ጉዳይ ሳያልቅ አይወራም። ዓይን ይገባበታል ብለን እንፈራለን። የቅርብ ወዳጅ እንኳን የሚሰማው ካለቀ በኋላ፣ ኬኩ ሲቆረስ ነው።

ልጇ ኑኃሚን አዲስ አበባ ናት። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላት እናቷ ዜጋ ከሆነች ቶሎ ትመጣለች። ካለፋት ግን ወረፋው የብዙ ዓመት ነው። ልደቷ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

ፀዳለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲከራከሩ ሰማች፣ ፈገግ አለች፣ ምግቧን በላች።

ማክሰኞ ኢንተርቪው ላይ፣ እውነቱን ልትናገር ቀኝ እጇን አንስታ ማለች።

መሐላ ለእሷ ቀልድ አይደለም።

ኦፊሰሯ ደግ ሴት ነበረች። ፀዳለ እንግሊዝኛውን አለፈች። የታሪክ ጥያቄውንም አለፈች። ከዚያ ስለ ዕፅ ተጠየቀች።

«ዕፅ አልወስድም» አለች።

ወዲያው መሐላዋ ትዝ አላት።

«ማታ ማታ ብቻ... ለወገቤ። ከሱቅ የምገዛው የማሪዋና ከረሜላ አለ። ሌጋል ነው።»

ኦፊሰሯ መጻፍ አቆመች።

«በካሊፎርኒያ፣ አዎ» አለቻት ቀስ ብላ። «እዚህ ግን የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ነው፤ በእሱ ደግሞ ማሪዋና ክልክል ነው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱ በፖስታ መጣ። ዜግነቱ አልተፈቀደላትም።

ፀዳለ አላለቀሰችም። ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ ከተተች፣ ሽንኩርት ገዛች፣ ሥራ ገባች። አሮጊቷን ስታጥብ ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ አልታወቃትም። «ቀዘቀዘኝ እኮ» ያለቻት አሮጊቷ ናት።

እሑድ ጋሼ ኪሩ ያንኑ ክርክር ጀመሩ።

«ጋሼ ኪሩ» አለች ፀዳለ። «ያኔ አንድ ሰው ጥራልኝ ብለው ነበር።»

«ብያለሁ። ማን ተገኘ?»

«እኔ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው... የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሆና።

ጋሼ ኪሩ «እኔ ነኝ የጠቆምኩሽ» አሉ።

«ዳዊም አለ» አሉ ጋሼ አምደሚካኤል።

ዳዊ የእህታቸው ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት መጥቶ እሳቸው ቤት ኖሯል። ለሥራ ቴክሳስ ሄደ ተብሎ ነው ሰው የሚያውቀው።

ለሥራ አልነበረም።

እዚሁ ከተማ ፈቃድ ያለው የማሪዋና ሱቅ ውስጥ ካሸር ነበር፤ ታክሱን እየከፈለ። ዜግነት ሲጠይቅ በዚያው ሥራ ምክንያት ተከለከለ። አፍሮ ከተማውን ለቀቀ። እሳቸውም ለእህታቸው ሲሉ ደበቁት።

«ስትቃወም የኖርከው ለዚህ ነው?» አሉ ጋሼ ኪሩ።

«ለዚህ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ አትለንም?»

«የልጁን ስም ላጥፋ?»

ፀዳለ ሳህኗን እያየች ተናገረች።

«ጋሼ አምደሚካኤል... የዚያን እሑድ እኮ አጠገብዎ ነበርኩ።»

«አንቺስ፣ ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ ብትዪኝ ኖሮ...»

አልጨረሱትም።

«እኔም አልነገርኩም» አለች።

ስለ ፀዳለ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ኑኃሚን ሃያ አንድ ዓመት በሞላት ቀን ነው። ልጅቷ ደውላ «እማ፣ ፕሮሰሱስ የት ደረሰ?» አለቻት።

«ሳያልቅ አይወራም አላልኩሽም?» አለቻት ፀዳለ።

ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

ወገኖቼ... ይፈቀድ የሚለውም፣ ይከልከል የሚለውም የየራሱ እውነት አለው፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ስለ ሕጉ ጮክ ብለን እንከራከራለን፣ ሕጉ ቤታችን ገብቶ ያደረገውን ደግሞ እንደብቃለን። እኛ የደበቅነው ነገር አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው ይጥለዋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ፣ ስቴቱ ፈቅዷል ብላችሁ ብቻ አትመኑ፤ አስቀድማችሁ ጠበቃ ጠይቁ።

በጋሼ አምደሚካኤል ቦታ ብትሆኑ የዳዊን ነገር ማዕድ ላይ ታወሩት ነበር... ወይስ እናንተም ውሃችሁን ትጠጡ ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነበዋለሁ።