ሃምሳ እጅ

የሒሳብ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ኢንስፔክተር ፈገግ አሉ፤ አጠገባቸው የቆመው ርእሰ መምህር ደረቱን ነፋ። መምህሩ ግን በእጁ የያዘው ጠመኔ በላቡ ራሰ። እሱ ራሱ እዚሁ ተማሪ ሳለ የለመደው ደንብ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ያወጣል። መምህር ቀኝ ያወጣውን ይጠራል፤ እንግዳው ተደስቶ ይሄዳል። አሁን ከፊት ረድፍ እስከ ኋላ አንድ ቀኝ እጅ ፈለገ። አጣ። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ልጅ እንኳ ግራዋን አንስታ አቀርቅራለች።

«ጥራ እንጂ መምህር!» አለ ርእሰ መምህሩ።

ማንን ይጥራ? ብሔራዊ ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

«ግዴለም፣ አይተናል» ብለው ኢንስፔክተሩ ተነሡ። «ሃምሳ ልጅ፣ ሃምሳ እጅ! እንዲህ ያለ ተሳትፎ የትም አላየሁም። ሌሎቹ መጥተው ከእናንተ ይማሩ እንጂ!» ርእሰ መምህሩ ሲወጣ የመምህሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ። በሩ ተዘጋ።

እጆቹ ግን አልወረዱም።

«መምህር» አለች አንደኛ የምትወጣው ልጅ፣ «ከየት ጀምሮ እንዳልገባን እንኳ አናውቅም። ምን ይሻለናል?»

መምህሩ ሰሌዳውን አየ፤ ልጆቹን አየ። ከዚያ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ ቀስ ብሎ፣ ግራ እጁን አወጣ።