ከከረሜላ ቆርቆሮ የወጣው አልማዝ

ጋሽ ሚዛንን በዚህ ዓለም ላይ እንደ ኢንተርኔት የሚያናድዳቸው ነገር የለም። ወርቅ አንጥረኛ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የሰፈሩ ሰው ነው፤ «ሚዛን ለምኔ፣ መዳፌ ይበቃኛል» ማለት ስለሚያበዙ። ሰዉ ቀለበት በስልክ መግዛት ከጀመረ ወዲህ ግን መዳፋቸው ላይ የሚያርፈው ዝንብ ብቻ ሆኗል።

«የእኔ ዕቃ ኢንተርኔት ላይ የወጣ ቀን፣ መዶሻዬን ወርውሬ ሱቄን እዘጋለሁ!» ብለው ምለዋል።

መዝጋቱማ መዶሻ ሳይወረወርም እየመጣ ነበር። አከራያቸው ቤቱን ለስልክ ጠጋኝ ሊሰጠው ጫፍ ደርሶ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ሽያጭ ቀንቷቸው ነው ለጊዜው የተረፉት። ባለቤታቸው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ ስልካቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ይውላሉ። ጋሽ ሚዛን «ከእህቷ ጋር ሐሜት ይዛ ነው» ይላሉ።

አርብ ከሰዓት አንድ ወጣት ሊፍት ጠጋኝ እጁን በቱታው እየጠረገ ገባ።

«አባባ፣ እሁድ ቀለበት ላስር ነው። ቀለበቱ ይኸው፤ ፈርጡን እንዲገጥሙልኝ ነበር።»

«እሰይ! የኔ ልጅ! ምነው ታዲያ ፊትህ ጠቆረ?»

«የልጅቷ እናት ናቸዋ! ልጄን ለሊፍት ጠጋኝ አልሰጥም ብለዋል። ቀለበቱን ራሳቸው ናቸው የሚመረምሩት። አንድ ነገር ካገኙበት አለቀልኝ።»

ከደረት ኪሱ አንዲት የጉሮሮ ከረሜላ ቆርቆሮ አወጣ። ክዳኗን ሲከፍት ጥጥ ላይ አንድ አልማዝ ቁጭ ብሏል።

«ከየት ገዛኸው?»

«ከኢንተርኔት።»

ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ከኢንተርኔት!» አሉ ጋሽ ሚዛን፣ የተቃጠሉ ይመስል እጃቸውን ሰብስበው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ደግሞ አልማዝ በከረሜላ ቆርቆሮ! እኔ ራሴ የምመጠምጠው ይሄንኑ ከረሜላ ነው እኮ፤ ሳል እንኳ አያቆምም።»

ባለቤታቸው መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። «አንተ፣ ማጉያህን አድርገህ እየው እንጂ!»

«ለጠርሙስ ማጉያ? ምን ቆርጦኝ!»

«ግዴለህም፣ አንዴ ብቻ…»

«ይህን ሁሉ ዘመን አብረሽኝ ኖረሽ፣ ጠርሙስና አልማዝ መለየት ያቅተዋል ብለሽ ነው?» ድንጋዩን በወረንጦ አንስተው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ መስኮቱ አሳዩትና መልሰው ጣሉት። «ጠርሙስ ነው። ያውም የመድኃኒት ጠርሙስ።»

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። «ሻጩ ግን ደግ ሰው ይመስሉ ነበር። መርቀውኛል እኮ፣ ‹ትዳርህ ይባረክ› ብለው ጽፈውልኛል።»

«ሌባ ካልመረቀ በምን ይሰርቃል? እንዲህ ዓይነቱ ጉድ የሚገስጸው የትዳር ጓደኛ የሌለው ነው!»

ባለቤታቸው ግንባራቸውን ያዙ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ በለሆሳስ።

«አየህ? እሷ እንኳ አዘነችልህ። በል አሁኑኑ መልስላቸው!»

ለመመለሱስ ችግር አልነበረውም። ያልተስማማው ገዢ ለዕቃ አድራሾቹ ከሰጠ፣ ከየት እንዳመጡት ስለሚያውቁ ያደርሱታል፤ ገንዘቡም ይመለሳል። ጋሽ ሚዛን ቆርቆሮዋን ራሳቸው በወረቀት ጠቀለሏት። ከዚያ በአረንጓዴ ሲባጎ አሰሯት። ቋጠሮውን ያስተማሯቸው አባታቸው ናቸው፤ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ራሱን ይውጣል፣ ያለ መቀስ አይፈታም።

«ሲፈታው ጥርሱ ይርገፍ!» አሉ፣ ጫፉን ጠበቅ እያደረጉ።

«እኔስ ታዲያ? እሁድ ባዶ ጣት ላስር ነው?»

«ውይ ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ብትመጣ! ከአባቴ የወረስኩት አልማዝ ነበረኝ፤ ምን የመሰለ! ባለቤቴ ለአንድ አላፊ አግዳሚ ሸጠችው። ግን አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ። ነገ ጠዋት ና፣ በእጄ ያለፈ፣ ቆሜ የምምልበት አልማዝ እሰጥሃለሁ። አማትህ ከፈለጉ በመጋዝ ይሞክሩት!»

ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። አመስግኖ፣ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። ወዲያው ባለቤታቸው ሻርፓቸውን ብድግ አድርገው «ዳቦ ልግዛ» ብለው ተፈተለኩ። ሲመለሱ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ዳቦም አልያዙም።

«አለቀ?» አሉ ጋሽ ሚዛን።

«አልደረስኩበትም።» ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። «ስማ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። መጀመሪያ ግን እባክህ መዶሻውን አስቀምጠው።»

«ቆይማ፣ ስልክ ላይ ነኝ!»

ለሙያ ጓደኞቻቸው አንድ በአንድ እየደወሉ ነበር። የከረሜላ ቆርቆሮዋን ወሬ ለሁሉም ነገሩ፤ ሁሉም እስኪያስላቸው ሳቁ። አልማዝ ያለው ግን አንድም አልተገኘ። ጋሽ ሚዛን የዚያን ዕለት እራት አልበላ አላቸው። የሰው ልጅ ትዳር በአፋቸው ይዘዋል፤ ከአፍ የወጣ ደግሞ አፋፍ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊፍት ጠጋኙ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ቱታውን በሸሚዝ ለውጦ መጣ። ከጠረጴዛው ፊት ያለችው በርጩማ ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ።

«ደረሰልኝ፣ አባባ?»

«ይመጣል፣ ይመጣል» አሉ ጋሽ ሚዛን ላባቸውን እየጠረጉ። «በእጄ ያለፈ ነው አልኩህ እኮ።»

ከበሩ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዕቃ አድራሹ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ገባ፣ «ተመላሽ ነው፤ ለእትዬ» ብሎ አንድ ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እየተቻኮለ ወጣ።

ጋሽ ሚዛን አረንጓዴውን ቋጠሮ መጀመሪያ በጥፍራቸው፣ ቀጥሎም ልጁ አፉን ከፍቶ እያያቸው በጥርሳቸው ታገሉት፤ አልፈታ ሲላቸው ባለቤታቸው በአንድ እጃቸው መቀሱን፣ በሌላው ማጉያውን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ወጡ።