ቀይ ክር ያለው ሎሚ

ከቦያችን ጫፍ ላይ ተንበርክኬ ውኃው የሚያመጣውን ቅጠል እየለቀምኩ ነው። አባባ ከላይ፣ ወንዙ ወደ ቦዩ ከሚጠለፍበት ቦታ ናቸው፤ ኮረብታው ስለሚከልላቸው አይታዩኝም። ዘንድሮ ቦዩ በመንግሥት በጀት በሲሚንቶ ተሠርቷል። በአፈሩ ቦይ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ውኃ አሁን በሃያ ደቂቃ ይደርሳል ተብሏል፤ እኛም ከዓለም ከተማ ገበያ በገዛሁት አንድ ሎሚ ልንለካ ነው፤ ቀይ ክር አስሬበት አባባ ይዘውት ወጥተዋል።

ሎሚው እየተንሳፈፈ መጣ። አነሳሁትና ደወልኩ።

«አባባ፣ ደርሷል። መቼ ለቀቁት?»

«ምኑን?»

«ሎሚውን ነዋ።»

«በእጄ ይዤው! በቀን ማለም ጀመርሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። «በይ ሰዓት ያዢ፤ ይኸው ጣልኩት።»

ክሩን አገላበጥኩት። ቋጠሮው የእኔ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ከዚያም ሌላ አሥር ጨመርኩ። ሌላ ሎሚ አልመጣም።

ምርኩዝ መጣ። ጫፉን በቆርቆሮ የለበጥኩት የአባባ ምርኩዝ ነው። ከውኃው አውጥቼ እንደገና ደወልኩ።

«አባባ፣ ምርኩዝዎ የት አለ?»

«ይኸው ተደግፌው በቦዩ ጠርዝ እየወረድኩ ነው።»

«ከጠርዙ ይራቁ! በእርሻው በኩል ይምጡ!»

«እርሻው ጭቃ ነው፣ ልጄ፤ ያዳልጠኛል። ሲሚንቶው ይሻላል።»

በስልኩ ውስጥ ቆርቆሮው ሲሚንቶውን ቋ፣ ቋ ሲያደርግ ይሰማኛል። ወደ እሳቸው ለመሮጥ እንዲመቸኝ በእጄ ያለውን ምርኩዝ ሣሩ ላይ፣ ከሎሚው አጠገብ አጋደምኩት።