የታሸገው ጀሪካን

ክሊኒኩ ከወራት መዘጋት በኋላ ሲከፈት ጤና ቢሮ የሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ነበር፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው በኮሮና ከተያዘ በሩ ዳግመኛ አይከፈትም።

የክሊኒኩ ባለቤት ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ታካሚዎቿ ግን ዶክተር ይሏታል። የሰው ወገብና ትከሻ በርቀት አይታሽም። ስለዚህ በሌላው ሁሉ ጨከነች። ወንበሮቹን አራራቀች፣ ያለ ማስክ የመጣውን መለሰች። በር ላይ ቆማ የገባውን ሁሉ ግንባር የምትለካውም ራሷ ነበረች። ሰው አታምንም፤ በዚህ ጉዳይ ማን ይፈርድባታል?

በተለይ ያላመነችው የጽዳት ሠራተኛዋን ነበር። ሴትዮዋ ታካሚ በወጣ ቁጥር አልጋውንና የመራመጃ ብረቱን በበረኪና ይወለውላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሽታው መንገድ ድረስ ይሄድ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ዶክተሯ ስትገባ ክፍሉን የነካው ውሃ ብቻ ይመስላል።

«እትዬ፣ በረኪናውን እያቀጠኑት ነው?»

ሴትዮዋ እጃቸውን ዘረጉ። ጣቶቻቸው ተልጠዋል፤ ዓይናቸውም ቀልቷል።

«ከዚህ በላይ ከጨመርኩማ እኔ ራሴ ነጥቼ ነው የምወጣው» አሉ።

ዶክተሯ አልሳቀችም። የዓይናቸው መቅላት ሌላ ጥርጣሬ ጨመረባትና ሙቀታቸውን ደግማ ለካች። ትኩሳት የላቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረኪናውን ባልዲው ውስጥ የምትጨምረው እሷ ሆነች፤ አልበቃ ሲላትም ትደግማለች።

ጭንቀቱ እቤቷም ተከትሏታል። ጠዋት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ስለ ክሊኒኩ ስታሰላስል ወተቱ ገንፍሎ አረረ። ከሳሎን ሮጣ መጥታ ያጠፋችው እህቷ ናት። ልብሽ የት ሄዷል ብላ ተቆጣቻት።

ከዚያ ደግሞ ከታካሚዎቿ አንዱ፣ ሹፌሩ፣ ማሳል ጀመሩ።

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስትሮክ ግራ እጃቸውን እንደ ጨበጠ አስቀርቶታል። ክሊኒኩ ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት ጭራሽ ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ አሁን ገና ጣቶቻቸው በዶክተሯ እጅ ውስጥ መፍታታት ጀምረዋል። አልጋው ላይ ጋደም ባሉ ቁጥር ግን ሳሉ ይነሳል። ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ይተያያሉ። አንዲት ሴት ቀጠሮዋን ሰርዛ ሄደች።

«ጋሼ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እቤቴ አንድም ቀን አላሳለኝም። እዚህ ስገባ ነው።»

የፈራ ሰው ሁሉ ሰበብ አያጣም ብላ አለፈችው። ተመርምረው ውጤት እስኪያመጡ ድረስ እንዳይመጡ ነገረቻቸው። ሽማግሌው በግማሽ የተፈታውን እጃቸውን በደህናው ደግፈው ወጡ። እስኪርቁ ድረስ በመስኮት አየቻቸው። ግን በአንድ ሰው ምክንያት ስንቱ ይጎዳ? በዚያ ሳምንት በእጇ ያለፉትን ሁሉ አሰበቻቸው፤ ዳሌያቸው የተሰበረውን አሮጊት፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ሳንባው ደካማ የሆነውን አስተማሪ። ስለ ሁሉም ፈራች።

አሁን የቀረው የበረኪናው ጀሪካን ነው። በረኪናውን እየቀዳ ውሃ የሚሞላበት ሰው መኖር አለበት። ማኅተሙ ያልተነካ አዲስ ጀሪካን ከሱቅ አስመጣችና ሴትዮዋን ጠራቻቸው። ትክክለኛው በረኪና ምን እንደሚሸት ፊት ለፊት አሳይታ ልታሳፍራቸው ነው።

ማኅተሙን ቀደደችና ክዳኑን ከፈተች። ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ይዘው እያሳሉ ወደ በሩ አፈገፈጉ።

ዶክተሯ ማስኳን ዝቅ አድርጋ ጎንበስ አለችና በረጅሙ ሳበች። ደገመች።

ምንም አልሸተታትም።