የመስኮቱ ወንበር

«ጠጋ በል ወደዚያ! የመስኮቱ ወንበር ያንተ ነው» አሉ ጋሽ አስፋው፣ በከዘራቸው የገደሉን አፋፍ እያሳዩ።

ምንይሉ ሳቀና ጠርዙ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀመጠ። ከእግሩ ሥር ገደሉ ጭው ብሎ ወርዷል። ጥንብ አንሳው እንኳ ከበታቻቸው ነው የሚያንዣብበው።

ጋሽ አስፋው ከጎኑ፣ በመመለሻዋ ቀጭን መንገድ በኩል ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን አስተናጋጅነት ፈጅተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚህ ዘመሮ የገቡ ሰው ናቸው። አሁን ሥራቸው ሁለት ነው፤ እዚህ ተቀምጦ አሞራ በመነጽር ማየት፣ ሲሰለቻቸው ደግሞ በአውቶቡስ አገር መዞር። ከሄዱበት አንድ ዕቃ ሳይዙ አይመለሱም፤ ቤታቸው የሮም ደወል ከደብረ ብርሃን ቁልፍ ጋር ተሰቅሎበታል። ዛሬም በጋዜጣ ጠቅልለው በሲባጎ ያሰሩት ነገር ጉያቸው አለ።

«ይኸኛው ከየት ነው ጋሼ?»

«ከዓለም ከተማ። ሰሞኑን ወርጄ ነበር።»

«ኧረ በዚያ መንገድ? እኔ ያቺን አሮጌ ሞተሬን ልሸጥ የወረድኩ ጊዜ ወገቤ ለሁለት ሊከፈል!»

«እኛ አውሮፕላን ሲናወጥ ሻይ ስናድል የኖርን ነን። የምታሳዝነኝ አንተ ነህ። በእኔ እቅፍ ክንፈ ሚካኤል ተብለህ ተጠምቀህ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትበር!»

«እርስዎን የመሰለ የክርስትና አባት እያለኝ የት ይቀርብኛል?»

«አይቀርብህም» አሉ ጋሽ አስፋው።

ቀልዳቸው የተመለሰው በቅርቡ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ልጃቸውን ሰለሞንን፣ ጉም በዋጠው መንገድ ላይ ሞተር ገጭቶ ጉድባ ውስጥ ጥሎት ሄደ። እስኪነጋ ድረስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር ይባላል። ከአጠገቡ የተገኘው የሞተር መብራት ስባሪ ብቻ ነው። ያቺ ስባሪ ከዚያ ወዲህ ከአባቱ ኪስ ወጥታ አታውቅም።

አገሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በኃይለ ኢየሱስ ላይ ነው። ሞተር አለው፤ ከሰለሞን ጋር በወሰን ተጣልቷል። ያን ምሽት በዚያ ሲያልፍ አየሁት ብሎ የመሰከረውም ምንይሉ ነው። ዳኛው ግን ማስረጃ አነሰ ብለው ለቀቁት።

ጋሽ አስፋው አላለቀሱም። «ግድ የለም፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብቻ አሉ። ያ ቀን እስኪደርስ ከእሳቸው በላይ የናፈቀው ምንይሉ ነበር። ኃይለ ኢየሱስ ካለቀለት ነገሩ ይዘጋል፤ እሱም እንቅልፍ ያገኛል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት «ልጨርሰው ነው፤ ገደሉ ጋ አጅበኝ» ሲሉት፣ ለምን እንዴት ሳይል ነው የተከተላቸው።

መነጽሩን ተቀብሎ ቁልቁል አየ። «ያ ውሻ ገብሱን እያጨደ ነው እኮ! ገና አልተነሳም። ይመጣል ግን?»

«መንገደኛዬ አይቀርም» አሉ፣ ወደ ማሳው ዞር ሳይሉ። ከዘንቢላቸው አረቄና ሁለት መለኪያ አወጡ።

«ሦስተኛውስ?»

«ቆጥሬ ነው ያመጣሁት። ጠጣ።»

ምንይሉ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። እሳቸው የራሳቸውን ሳይነኩ ድንጋዩ ላይ አኖሩት።

«ለቄስ መልከ ጼዴቅ ነግሬያቸዋለሁ። ዘመዴ ገደል ገብቶ ሞቷል፣ ፍትሐት ይድረስልኝ ብያቸዋለሁ።»

ምንይሉ በሳቅ ፈነዳ። «ሰውዬው ሳይሞት?»

«ትኬት አስቀድሞ ነው የሚቆረጥ፣ ልጄ። ደግሞ ስሙ ያልታወቀ ሰው አይሳፈርም።»

ጉሙ ከታች መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ማሳው፣ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋ። ጋሽ አስፋው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የጋዜጣውን ሲባጎ መፍታት ያዙ። ስልካቸው ጮኸ።

«አንሳልኝ እስቲ፤ እጄ ተይዟል።»

ምንይሉ አነሳ። ቄሱ ነበሩ። አዳመጠና ስልኩን በመዳፉ ከድኖ ዞረ።

«ጋሼ፣ የሟቹን የክርስትና ስም ንገሩኝ እያሉ ነው። የኃይለ ኢየሱስን ደግሞ እኔ አላውቀው።»

ጋሽ አስፋው ከጋዜጣው ውስጥ አንድ ጥጉ የጎደለ የሞተር መብራት አወጡ። ስባሪዋን ከኪሳቸው ስበው ጎዶሎው ላይ አስቀመጧት። ልክክ አለች።

«የኃይለ ኢየሱስን ማን ጠየቀህ?» አሉት። «ክንፈ ሚካኤል በላቸው።»