የእመጫቷ ትከሻ

ተቆጣጣሪዋ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበራትም። ሥራዋ ኮሌጆች ለሚሰጡት ዲግሪ የሚመጥን ትምህርት ማስተማር አለማስተማራቸውን ማየት ነው። ተራው ደግሞ ታናሽ እህቷ አዋላጅ ነርስነት የምትማርበት ኮሌጅ ደረሰ። ምረቃው አንድ ሐሙስ ነው የቀረው።

ሌላ ሰው እንዲላክ አለቃዋን ለመነች። አለቃዋ ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ አላለም።

«የማንም ዘመድ የማይማርበት ኮሌጅ ካገኘሽ እኔንም አስመዝግቢኝ» አላት። «ሰው የለኝም። ሂጂ።»

ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ምረቃ ሆኗል። እናታቸው የመመረቂያውን ጋወን ከበሩ ኋላ ሰቅለው ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይዳብሱታል።

«ረዝሞባት ነበር፤ ጠርዙን ራሷ አጥፋ ሰፋችው» ይላሉ። «ከጨርቁ ጋር የሚሄድ ክር ልግዛልሽ ብላት፣ ያለኝ ይበቃል አለችኝ። ግትር!»

ሆዷ የገፋው ጎረቤታቸው ብቅ ባለች ቁጥር፣ «አዋላጄ እዚሁ እያለች ምን አስጨነቀኝ!» ትላለች። ሁሉም ይስቃል። ታናሽየዋ ግን አትስቅም፤ እጇን ልትታጠብ ትነሳለች። ምግብም አልበላ ብሏታል። የምረቃ ጭንቀት ነው ተባለ።

ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ምሽት ታናሽየዋ ታላቋ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ነገ ነው አይደል የምትመጪው?»

«ነገ ነው። ስለሱ ባናወራ ይሻላል።»

«አላወራም። ብቻ እመጫቷን ሳታያት እንዳትወጪ። ኩራታችን ናት።»

ተማሪዎቹ እመጫት የሚሏት ማዋለድ የሚለማመዱባትን አሻንጉሊት ነው።

«እንዲህ በያት ያለሽ ማነው?»

የታናሽየዋ ፊት ቀላ። «ማንም» አለችና ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

ታላቅየዋ አላመነቻትም። ኮሌጆች ተቆጣጣሪ ለማለሳለስ የማይልኩት ሰው የለም፤ ከእህት የተሻለ መልእክተኛ ደግሞ ከየት ይገኛል?

በማግስቱ ዲኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። «ግድግዳውን እንዳይነኩት፣ ቀለሙ አልደረቀም» አላት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የመጻሕፍቱ ገጾች ገና እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው። ተማሪዎቹ ስትጠይቃቸው መጀመሪያ ዲኑን፣ ከዚያ እሷን ያያሉ።

«እህትዎ እኮ ከጎበዞቻችን አንዷ ናት» አለ ዲኑ፣ ደረጃውን ሲወርዱ። «መልካችሁም ቁርጥ አንድ ነው። ምረቃዋን በጉጉት እየጠበቅን ነው።»

መልክ አይቶ ነው ያወቀው? እህቷን እንዲህ አድርጋ አላሳደገቻትም! የላካትም እሱ፣ የነገረችውም እሷ ናት አለች በልቧ፤ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አዘነችላት።

እመጫቷ ምድር ቤት ያለው የመለማመጃ ክፍል ውስጥ እስከ አገጯ ድረስ አንሶላ ለብሳ ተንጋላለች።

«ከገዛናት ቆየን» አለ ዲኑ። «ተማሪዎቻችን በየቀኑ ያዋልዷታል። እሷም ሳትሰለች ትወልዳለች!» ብቻውን ሳቀ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ዕድሜዋ ጠና ያለ ነርስ፣ ጫማዋን ታያለች።

ተቆጣጣሪዋ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። የእመጫቷ ትከሻ ተተርትሮ በደማቅ አረንጓዴ ክር፣ እየተመሳቀለ ተሰፍቷል።

ይህን ስፌት ታውቀዋለች። በቅርቡ ከከተማው ማዶ ያለ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ፣ ሌላ ዲን «የራሳችን ናት» እያለ ካስጎበኛት አሻንጉሊት ትከሻ ላይ አይታዋለች። ያኔ የክሩ ቀለም ገርሟት ነበር። ሰው ቀዳዳ ሲሰፋ ይሸሽገዋል እንጂ እንዲህ አያስጮኸውም።

«ተውሳችኋት ነው» አለች።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው የእኛ ናት!»

«ማዶ ተኝታ ነበር ያገኘኋት። ምልክቷም ይኸው።»

ዲኑ ወደ ነርሷ ዞረ፤ ነርሷ ጣሪያውን ታያለች። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፤ ለጉብኝት በየተራ እንዋሳታለን፤ ማዶ ሳትሄድ በፊትም እዚህ ነበረች። ግን እህትዎን ያስቡ። እኛን ሲጥሉ እሷንም ነው የሚጥሉት።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ቆየች። የእናቷ እጅ ጋወኑን ሲዳብስ ታያት። ቀጥሎ የጎረቤታቸው ሆድ መጣባት። እነዚህ ልጆች ነገ እውነተኛ እናት ፊት ሊቆሙ ነው፤ የተዋሷት አሻንጉሊት ግን ተመልሳ ትሄዳለች።

ያየችውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፈች። አለቃዋ አንብቦ ሲጨርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ፈረመ። ምረቃው ታገደ። ተመራቂዎቹ የተግባር ትምህርቱን ሆስፒታል ገብተው እንደ አዲስ እንዲማሩ ተወሰነ።

ቤት ስትደርስ ሳትቀመጥ ተናገረች።

«የገዛ እህትሽን?» ብለው ጮኹ እናታቸው። «አንድ ጡት ጠብታችሁ!»

ታናሽየዋ አላለቀሰችም። «ስንት ጊዜ ነው?» አለች።

«አንድ ዓመት።»

«ሆስፒታል? ከአዋላጆች ጋር?»

«አዎ።»

ወንበር ስባ ራቷን መብላት ጀመረች። ሳህኑን ጨርሳ ደግማ ጨመረች። ተቆጣጣሪዋን ከለቅሶ ይልቅ ይህ አስፈራት፤ ሰው የምር ሲቀየም ነው እንዲህ ዝም የሚለው።

«ያንን ነገር ከፊቴ አንሺልኝ!» አሉ እናታቸው፣ ወደ ጋወኑ እያመለከቱ።

ተቆጣጣሪዋ አወረደችው። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማጠፍ ስትጀምር የታችኛው ጠርዝ ወደ ላይ ተገለበጠ።

በደማቅ አረንጓዴ ክር፣ እየተመሳቀለ ተሰፍቷል።