የማለዳው በሶ

ነርሷ ሀኒያ የወይዘሮ ውበቴን ክንድ በጎማ አስራ ደም ሥር ትፈልጋለች። «ጨበጥ ያድርጉ፣ እማማ።»

«ደሜስ ታድሏል» ይላሉ ወይዘሮ ውበቴ እየጨበጡ። «በበረዶ ታቅፎ ነው ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባ። እኔ ለቀዶ ጥገናው ስሄድ ቁልቁለቱን ሳስመልስ ነው የወረድሁት።»

ሀኒያ ትስቃለች። ልጃቸው ስጦታው አይስቅም። ከክሊኒኩ በር ሥር ቆሞ ባዶውን የበሶ ኮዳ በሁለት እጁ ይዟል።

ከእናቱ አንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ታማ በቀዶ ጥገና ከወጣች ወዲህ እናቱ የምትቆመው በክኒን ነው። ኩላሊት ላይ የተቀመጡትን ሁለት ዕጢዎች በየማለዳው የምትቀሰቅስ ያቺ ነበረች። አሁን የአዲስ አበባው ሐኪም ሁለቱ በራሳቸው ነቅተው እንደሆነ በጠዋት ደሟን ሊያይ ይፈልጋል፤ ነቅተው ከተገኙ ክኒኑን ያስቆማል። ለዚህም ከትናንት ጠዋት ወዲህ እንዳትውጥ አዟል።

ዛሬ ንጋት ላይ፣ ቢቸና ባደሩበት አልጋ ቤት፣ ላብ አጥምቋት ጉልበቷ ሲከዳት ስጦታው አየ። በጥር ክኒኑ አልቆባት ሞጣ ገበያ መሃል ስትወድቅ አዝሎ የሮጠ እሱ ነው። ዋጪ ቢላት እንቢ እንደምትል ያውቃል። አንዲት ፍሬ በኮዳው ክዳን አድቅቆ ከበሶው ጋር በጠበጠላት።

«ከትናንት ወዲህ ክኒን አልዋጡም አይደል?» ትጠይቃለች ሀኒያ፣ መርፌውን እንደያዘች።

«ኪዳነ ምሕረትን! ከንፈሬም አልደረሰ።»

ማተቧን ይዛ ነው የማለችው። በድንበር ክርክር ጊዜ ሽማግሌ ፊት አልምልም ብላ መሬቷን የለቀቀች ሴት ናት።

መርፌው ቆዳዋን ሊነካ ነው። ክኒኑ የገባበት ደም የደህና ሰው ይመስላል። ያኔ ክኒኑ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ስትወድቅ ማን አጠገቧ ይኖራል?

«ቆዪ!» ይላል ስጦታው። «በሶው ውስጥ ክኒኑን ጨምሬበታለሁ። እማ፣ የዋሸሁ እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።»

ሀኒያ መርፌውን አስቀምጣ ጎማውን ትፈታለች። «ዛሬማ አይሆንም። እንኳን ተናገርህ። ለሐኪሙ ደውዬ ሌላ ቀን እንይዛለን።»

እናቱ አታየውም። ማተቧን ወደ ደረቷ መልሳ እጅጌዋን ቀስ እያለች ታወርዳለች።

«ያ ምሬት የክኒኑ ኖሯል?» ትላለች። «እኔማ በጨለማ ተነሥቶ የበጠበጠልኝ ልጄ ቅር እንዳይለው ብዬ፣ አፌ ነው የመረረኝ ብዬ...»

ስጦታው ኮዳውን ዘቅዝቆ ያያል። አንዲት ጠብታ አልተረፈም።